ዓባይ ማደሪያ አለው

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ይህን ተረት የማያውቅ ሰው የለም። ተረቱ የተተረተው ለሰው ነው። እኛ ግን ዛሬ ሰውን ትተን ወንዙን እንጠይቅ። እውነት ዓባይ ማደሪያ የለውም?

ግንዱን ተዉት። ዓባይ ከግንድ ይልቅ አብዝቶ የሚሸከመው ሌላ ጭነት አለ። እሱም አፈር ነው። አፈሩ ከየት ይነሣል? በምን ኃይል ይሄዳል? የትስ ያድራል? ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጠንቅቆ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። የሚሄደው አፈር ጤፍና ገብስ የሚበቅልበት አፈር ነውና።

አስቀድመን አንድ ነገር እንሞክር። በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሲደፈርስ፣ በብርጭቆ ውኃ ቅዱ። ብርጭቆ ከሌለ በጠርሙስ ይሁን። ቀድታችሁ ከመደብ ላይ አስቀምጡት። ማንም አይነካው። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይወርዳል። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ጭቃው ይከተላል። በማግሥቱ ጧት ብታዩት ውኃው ጠርቶ፣ አፈሩ ከታች ተነባብሮ ታገኙታላችሁ። ሻካራው ከሥር ነው፤ የላመው ከላይ ነው። ይህ ውኃ አምጥቶ ያስቀመጠው አፈር ደለል ይባላል።

በብርጭቆው ውስጥ የሆነውን ነገር ወንዝ በአገር ላይ ይሠራዋል። የሚሮጥ ውኃ ይሸከማል። የቆመ ውኃ ያራግፋል። ነገሩ ይኸው ነው። ይህችን አንድ ነገር የያዘ ሰው የወንዝን ሥራ አብዛኛውን ያውቃል ማለት ነው።

በአውድማ ላይ እህል ስታዘሩ የሚሆነውንም አስቡ። ፍሬው ከእግራችሁ ሥር ይወድቃል። ገለባው ፈንጠር ይላል። እብቁን ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ውኃም እንዲሁ ይለያል። ከዳገት ሲወርድ ድንጋይ ያንከባልላል። መስክ ላይ ሲደርስ ድንጋዩን ጥሎ አሸዋውን ይይዛል። እያዘገመ ሲሄድ አሸዋውንም ይጥላል። ጨርሶ ሲቆም ጭቃውን ያስቀምጣል። የውኃው ሩጫ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚያንከባልለው ድንጋይ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በበጋ ጠጠር የማይነቀንቅ ወንዝ በክረምት ትልቅ ቋጥኝ ካለበት አንሥቶ ሌላ ቦታ ጥሎት የምታገኙት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ዓባይን ከምንጩ ጀምረን እንከተለው።

ዓባይ የሚነሣው ከጎጃም፣ ከሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ከሚባለው ምንጭ ነው። ሰዎች ለጠበል ይሄዱበታል። ምንጩ ትንሽ ነው። ከዚያ የሚወርደው ወንዝ ስሙ ግልገል ዓባይ ነው። ግልገሉ እያደገ፣ ሌሎች ወንዞችንም እየጨመረ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ሐይቅ ይገባል።

ጣና ሲገባ ምን ያደርጋል? ብርጭቆውን አስታውሱ። ሐይቅ የቆመ ውኃ ነው። ስለዚህ ግልገል ዓባይ ከደጋው እርሻ ያመጣውን አፈር ከሐይቁ መግቢያ ላይ ያራግፈዋል። በዚያ በኩል መሬቱ እንደ ምላስ ሆኖ ወደ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። ምላሱ ያለበት ቦታ ድሮ ውኃ ነበር። የፎገራም ሜዳ ነገር እንዲሁ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል እየወረዱ ለብዙ ዘመን አፈር አፈሰሱበት። ዛሬ በፎገራ ሩዝ ይመረታል። ሩዙ የሚበቅለው ከደጋ በመጣ አፈር ላይ ነው። ታዲያ ጥቅሙ ያለ መከራ አልመጣም። ክረምቱ ሲበረታ እነዚያው ወንዞች ከዳራቸው ወጥተው ቤት ይከባሉ፣ ሰብል ያሰጥማሉ። አፈሩን ያመጣው ሙላት ነው፤ ሙላቱን ትቶ አፈሩን ብቻ ማግኘት አይቻልም።

ጣና ራሱ እንዴት ሐይቅ ሆነ? በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የቀለጠ ድንጋይ አፈሰሰ። ድንጋዩ ሲበርድ የውኃውን መውጫ ዘጋው። ተፈጥሮ የሠራችው ግድብ ማለት ነው። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በየዓመቱ ደለል የሚፈስበት ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ያሳስባል።

ዓባይ ከባሕር ዳር ሲወጣ ብዙ ጭነቱን ጥሏል። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ከጢስ ዓባይ ገደል ላይ ይዘላል። ገደሉ ከ40 ሜትር በላይ ነው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ከውኃው ተቀንሶ ኤሌክትሪክ ስለሚመነጭበት፣ በበጋ የሄደ ሰው ያሰበውን ያህል ጢስ ላያይ ይችላል። በነሐሴ መጨረሻ መሄድ ይሻላል።

የፏፏቴን ሥራ ልብ በሉ። ውኃው ወድቆ የሚመታው የገደሉን ሥር ነው። ሥሩን ይቦረቡራል። ሥሩ ሲጎድል የላይኛው ድንጋይ እንደ ቤት ክፈፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ቀን ተገንጥሎ ይወድቃል። ውኃው እንደገና ሥሩን ይጀምራል። ስለዚህ ፏፏቴ ባለበት አይቆምም። ቀስ በቀስ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ይሸሻል። ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ገደሉ ግን ወደ ላይ ይሄዳል። ይህችን ነገር ያዙልን። ኋላ ማሳችን ላይ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ከዚህ በኋላ ወንዙ ወደ ትልቁ ሸለቆ ይገባል። የጮቄን ተራራ መሐል አድርጎ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራል። ወሎን፣ ሸዋንና ወለጋን ከጎጃም ይለያል።

ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በመኪና የተጓዘ ሰው ሸለቆውን ያውቀዋል። ከአፋፉ ሲነሡ ጋቢ ያስፈልጋል። ከድልድዩ ሲደርሱ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰው ብዙውን ጊዜ በፍርሃት ዓይኑን ይጨፍናል። ባይጨፍን ይሻላል። ግድግዳው ሊነበብ የሚችል መጽሐፍ ነውና።

ድንጋዩ እንደ እንጀራ ተነባብሯል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው። ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከእሱ በታች ጀሶ አለ። ከሁሉም በታች የአሸዋ ድንጋይ አለ። በኖራው ድንጋይ ውስጥ በባሕር የሚኖሩ ፍጥረታት ቅርፊት ደርቆ፣ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። የባሕር ቅርፊት በጎጃምና በሸዋ መካከል ምን ይሠራል? ይህ አገር እጅግ በጥንት ዘመን ከባሕር በታች ስለ ነበረ ነው። ኋላ መሬቱ ከፍ አለ፤ ባሕሩ ሸሸ፤ እሳተ ገሞራ ከላይ ደረበበት። ወንዙ ደግሞ ከፍ ያለውን አገር እየቆረጠ ወረደ። ወንዙ ባይቆርጠው ኖሮ ይህን ሁሉ ማን ያየው ነበር?

ታዲያ ለስላሳ ውኃ ድንጋይን እንዴት ይቆርጣል? ውኃ ብቻውን ብዙ አይቆርጥም። ጥርሱ አሸዋና ጠጠር ነው። ይህን እናቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። መጁ ወፍጮው ላይ ሲመላለስ ድንጋዩ ያልቅ የለም? ወንዝም ጠጠሩን እየጎተተ ወለሉን ይፈጫል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል በድንጋዩ ላይ እንደ ሙቀጫ ክብ የሆነ ጉድጓድ ታያላችሁ። ከጉድጓዱ ውስጥ ድቡልቡል ጠጠር አይታጣም። ሙቀጫውን የፈለፈለው ያ ጠጠር ነው፤ ያሽከረከረው ውኃው ነው።

አንድ አባት በትምህርት ሰዓት ጥሩ ጥያቄ ጠየቁን። ወንዙ ጠባብ ሆኖ ሳለ ሸለቆው ለምን ይህን ያህል ሰፋ? አሉ። መልሱ እንዲህ ነው። ወንዙ የሚቆርጠው ወደ ታች ነው፣ እንደ መጋዝ። ሥሩ ሲቆፈርበት ግራና ቀኙ መቆም ያቅተዋል። ይናዳል። ዝናብም ያጥበዋል። ገባሮቹም የየራሳቸውን ገደል ይቆፍራሉ። ከምሥራቅና ከደቡብ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገርና ጉደር ይመጣሉ። ከጎጃም ደግሞ ጨሞጋ፣ ተምጫና ብር ይወርዳሉ። ናዳውም፣ እጥበቱም፣ ገባሩ ያመጣውም ሁሉ ተጠቃሎ ለዓባይ ጭነት ይሆናል። የደጀንን መንገድ የሚያስቸግረውም ይኸው ናዳ ነው።

ጭነቱ ስንት ነው? ትልቁ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ዓባይ በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ይዞ ከአገራችን ወሰን ይወጣ ነበር። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። ስለዚህ ጭነቱ ከ1 ቢሊዮን ኩንታል በላይ ነው። አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን 2 ቢሊዮን አህያ ያስፈልግ ነበር። ያን ያህል አህያ በመላው ዓለም የለም።

ይህ አፈር ሁሉ ከእርሻ ብቻ የመጣ አይደለም። ከናዳም፣ ከወንዝ ዳርም አለበት። ከማሳ የታጠበው ግን ቀላል አይደለም።

ከወሰኑ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። ቁልቁለቱ አለቀ። ውኃው ያዘግማል። ሲያዘግም ያራግፋል። በሱዳን ገዚራ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። የሚገኘውም በእኛው ዓባይና በነጭ ዓባይ መካከል ነው። የሜዳውን ጥቁር አፈር ያመጣው ዓባይ ነው፤ ብዙ ሺህ ዓመት ፈጅቶበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ሴናር ላይ ግድብ ተሠርቶ ገዚራ በመስኖ በሰፊው መታረስ ጀመረ። አንዱ ማደሪያ እንግዲህ ይህ ነው።

ሜዳ ላይ ወንዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እንደ እባብ ይጥመለመላል። ይህን ለማየት ሱዳን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በየመስኩ የሚሄደውን ወንዝ እዩ። በመታጠፊያው ላይ ውኃው የሚሮጠው በውጭው ዳር ነው። ስለዚህ ያንን ዳር ይበላል። በውስጠኛው ዳር ያዘግማል። እዚያ አሸዋ ይጥላል። በየክረምቱ አንዱ ዳር ይቆረጣል፣ አንዱ ዳር ይጨምራል። ወንዙ ቦታውን እየለወጠ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር ጠብ ያመጣል። በምናስተምርበት ቀበሌ የሁለት ሰዎች ማሳ ድንበሩ ወንዝ ነበር። ወንዙ የአንደኛውን ዳር እየበላ ለሁለተኛው አሸዋ ጨመረለት። ሁለተኛው ሰው አሸዋውን ቆፍሮ ሽንኩርት ተከለበት። አንደኛው፣ መሬቴ ነው አለ። ሁለተኛው፣ ድንበራችን ወንዙ ነው አለ። እንግዲህ ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። የሄደው ወንዙ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ከወንዙ ርቆ ከቆመው ዋርካ እየተለካ ድንበር እንዲተከል ፈረዱ። እኛ ይህን ፍርድ ወደድነው። ዋርካ አይሄድም። በሚበላው ዳር ላይም ሸምበቆ ተተክሎ፣ ሞፈር ወደ ጫፉ እንዳይጠጋ ተስማሙ። ሥር ያልያዘውን ዳር ወንዝ በቀላሉ ይወስደዋልና።

ወደ ዓባይ እንመለስ። ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ተከዜ፣ በሱዳን ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ፣ ይጨመርበታል። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ግብፅ ይገባል። ግብፅ ዝናብ የላትም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ድሮ የኛ ክረምት ውኃ በየዓመቱ ደርሶ ማሳውን ያለብስ ነበር። ውኃው ሲሸሽ አዲስ አፈር ትቶ ይሄዳል። ገበሬው በዚያ ላይ ይዘራል። ብዙ ሺህ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ወንዙ ባሕር በሚገባበት በኩል መሬቱ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል። በባሕሩ ዳር ስፋቱ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዴልታ ይባላል። ዴልታው ወንዝ ያስቀመጠው አፈር ነው፤ ከዚህም ብዙው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። ሁለተኛው ማደሪያ ይህ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተሠርቶ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አፈሩ ከግድቡ በላይ ባለው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከግድቡ በታች የሚወርደው ውኃ የጠራ ነው። የግብፅ ገበሬ ማዳበሪያ አብዝቶ መግዛት ግድ ሆነበት። በዴልታውም አፍ የባሕር ሞገድ መሬቱን እየበላ ወደ ኋላ መለሰው። ድሮ ሞገዱ የወሰደውን ወንዙ ይተካ ነበር፤ አሁን የሚተካ የለም። ሱዳን ውስጥ ደግሞ ሮዛሪስ የሚባል ግድብ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 የተሠራ ነው። ውኃ ከሚይዝበት ቦታ ሲሦ ያህሉን ደለል ወሰደበት። ኋላ ግድቡ ከፍ ተደረገ፤ ይህም በ2013 ተፈጸመ።

አሁን ማደሪያው ወደ ቤታችን መጥቷል። በጉባ፣ በሱዳን ወሰን አጠገብ፣ ታላቁ የህዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር ነው። ከበስተ ኋላው ንጋት የተባለ ሐይቅ ተኝቷል። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይህ ሐይቅ ትልቅ ብርጭቆ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ የሚታጠበው አፈር አብዛኛው ከአሁን በኋላ እዚያ ይተኛል። አገር ውስጥ ቀረ ብለን ደስ ይበለን? እኛ ደስ አይለንም። አፈሩ ከጥልቅ ውኃ በታች ነው፤ ማንም አያርሰውም። በዚያ ላይ የውኃውን ቦታ ይይዛል። ብዙ ገበሬ ለግድቡ ከጎተራው ሸጦ አዋጥቷል። ገንዘቡን ያዋጣ ሰው ማሳውንም ጨምሮ መላክ የለበትም።

ለመሆኑ ከአንድ ማሳ ስንት ይሄዳል? እስቲ እናስላ። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ታጠበ እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ከጥፍር ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ዓይን አያየውም። ያ ግን 10 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ሲመዘን 120 ኩንታል ያህል ይሆናል። ከዚያው ማሳ 120 ኩንታል እህል የሚያገባ ገበሬ ማን ነው? አፈሩ ከእህሉ ይልቅ በብዛት እየወጣ ነው ማለት ነው። እህል በዓመቱ ይተካል። ለአፈር ግን አንድ ጣት የሚያህል ውፍረት እንኳ ከድንጋይ እስኪወለድ ብዙ መቶ ዓመት ያስፈልጋል።

ቀስ ብሎ የሚታጠበውን ዓይን ላያየው ይችላል። ቦረቦር ግን ይታያል። እኛ በትምህርት ቤት የዓባይን ርዝመት በቃላችን ስንወጣ፣ ከመንደር በስተ ጀርባ ስላለው ቦረቦር ያነሣልን አልነበረም። ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። ቦረቦር ትንሽ ዓባይ ነው።

ቦረቦር የሚጀምረው ከጥቃቅን ነገር ነው። ከከብት መሄጃ ይጀምራል። ከእግር መንገድ ይጀምራል። ከፈሰስም ይጀምራል። ገበሬው ውኃ እንዳይተኛበት ፈሰስ ማውጣቱ ልክ ነው። በዋልካ መሬት ላይ ካላወጣ ሰብሉ ይበሰብሳል። ነገር ግን ፈሰሱ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወረደ ውኃው ይሮጣል። የሚሮጥ ውኃ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ፈሰሱ ከዓመት ዓመት እየጠለቀ ይሄዳል። ከላይ ያለው ሰው ያወጣው ፈሰስ ከታች ያለውን ጎረቤት ማሳ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ፈሰስን ጠምዘዝ አድርጎ፣ በዝግታ ወደ ሳር ወይም ወደ ድንጋያማ ቦታ ማውጣት ይገባል። ይህም ጎረቤት ከጎረቤት ሳይነጋገር አይሆንም።

አሁን ያዙልን ያልናችሁን ነገር አምጡት። ጢስ ዓባይ ላይ ውኃው ወደ ታች፣ ገደሉ ወደ ላይ ይሄዳል ብለን ነበር። የቦረቦርን ራስ ሄዳችሁ እዩ። ልክ እንደዚያው ነው። ውኃው ከራሱ ላይ ይወድቃል፣ ሥሩን ይቦረቡራል፣ የላይኛው ሳር ከነአፈሩ ይንጠለጠላል፣ ይወድቃል። ቦረቦር የሚያድገው በራሱ በኩል ነው። ወደ ማሳው፣ ወደ ቤቱ፣ ወደ መንገዱ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ከታች፣ ከአፉ ላይ፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር ሠርቶ ይሄዳል። ራሱ ከላይ መብላቱን አያቆምም።

ስለዚህ ሥራው ከላይ ይጀምራል። መጀመሪያ ከቦረቦሩ ራስ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ ብዙ ሳይዘቀዝቅ ውኃውን ሳር ወዳለበት ቦታ ያወጣዋል። ፏፏቴው ውኃ ካጣ መቆፈሩን ይተዋል። የቦረቦሩ ራስ ቀጥ ያለ ገደል እንዳይሆን በዶማ ይጋደማል፤ ሳር ይተከልበታል። ከዚያ በኋላ በቦረቦሩ ውስጥ ትናንሽ የድንጋይ ክትሮች በተርታ ይሠራሉ። አንድ ትልቅ ከመሥራት ብዙ ትናንሽ መሥራት ይሻላል። ትልቁን ጎርፍ ገፍቶ ይጥለዋል፣ ሲወድቅም የባሰ ያጠፋል። የክትሩ ጫፍና ጫፍ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ተቆፍሮ ይግባ። የክትሩ መካከል ከጫፎቹ ዝቅ ይበል። መካከሉ ከፍ ካለ ውኃው በጎን ዞሮ ግድግዳውን ይቆርጣል፤ ክትሩ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። እንዲህ የሆነ ክትር በየአገሩ አለ። ውኃው ዘሎ በሚያርፍበት ከክትሩ እግር ሥር ድንጋይ ይነጠፍ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል እንዲሆን አድርጎ ማራራቅ ነው። ከብት ደግሞ አይግባበት።

ክትር ውኃን አያቆምም። ያዘገየዋል። ይበቃል። የዘገየ ውኃ ያራግፋል፣ እንደ ብርጭቆው። ከክትሩ በስተ ኋላ ደለል ይሞላል። በደለሉ ላይ ሳር ይበቅላል፤ ታጭዶ ለከብት ይሆናል።

በማሳው ላይ ደግሞ እርከን ይሠራል። እርከን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የኮንሶ ሰዎች ተራራቸውን በድንጋይ እርከን ከያዙት ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። በጎጃም ከደምበጫ ከተማ በስተ ሰሜን አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። በ1978 ዓ.ም. ተዳፋት በሆነው ማሳ ላይ የአፈር እርከን ተሠራ። የሚታጠበው አፈር እየመጣ ከእርከኑ በስተ ኋላ ተጠራቀመ። ከዓመት ዓመት ተዳፋቱ እየተኛ ሄደ። አሁን ማሳው እንደ ደረጃ ሆኗል። ደረጃውን የሠራው ውኃው ነው። ሰው ያደረገው ማስቆሚያ መሥራት ነው። እርከን መጀመሪያ ላይ ቦታ ይይዛል፣ በሬ ለማዞርም ያስቸግራል፣ አይጥም ይራባበታል ብለው የሚያማርሩ አሉ። እውነት አላቸው። የእርከኑን ጠርዝ ሳር ወይም የመኖ ተክል ማልበስ ከያዘው ቦታ ከፊሉን ይመልሳል። በሬውን ማዞር ግን እኛም መላ አላገኘንለትም።

አሁን ሥራ እንስጣችሁ። ሰኔ ሳይገባ ከቦረቦሩ ራስ ላይ 20 ክንድ ርቃችሁ አንድ ችካል ትከሉ። በደብተራችሁ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። «ግንቦት 25 ቀን፣ 20 ክንድ» ይበል። ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ ከችካሉ እስከ ቦረቦሩ ጫፍ እንደገና ለኩና ጻፉ። የሚለካው ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን፤ የሰው ክንድ ይለያያልና። 20 የነበረው 17 ከሆነ ቦረቦሩ 3 ክንድ በልቷል። ክትርና መቀልበሻ በተሠራለት ቦረቦር ላይ አንድ ችካል፣ ባልተሠራለት ላይ ሌላ ችካል ይተከል። ለየብቻቸው መዝግቡ። ለመስቀል ሰሞን ደብተሮቹን ይዛችሁ ኑ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እንጽፋቸዋለን።